አሥራ ሰባት፣ ሐ

«አሥራ አምስት?»

«ሀ።»

«አሥራ ስድስት?»

«ሐ... አይ፣ ለ።»

አቶ ቢሆነኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ላባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። ከሽንፋ ወንዝ የድልድይ ሥራ ገብተው ገና ልብሳቸውን አልቀየሩም። ሙቀቱ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር እንኳ ይጋረፋል። ልጃቸው እፀገነትም ደክሟታል፤ የራሷ የስምንተኛ ክፍል መጽሐፍ አጠገቧ እንደተከደነ ነው።

አባቷ ክሬን ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ዘንድሮ ግን ድርጅቱ ሰርተፍኬት የሌለው ሰው ክሬን ላይ አይወጣም አለ። ነገ ጎንደር ይሄዳሉ፤ ሐሙስ ይፈተናሉ። ከወደቁ ሲሚንቶ መሸከም ነው። ፊደል ይለያሉ፤ ረዥም ጽሑፍ ግን ያደክማቸዋል። እንዳለው የሚባል ባልደረባቸው የፈተናውን ወረቀት ከየትም አምጥቶ ሰጣቸው፤ መልሶቹ በጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፈዋል።

«አባባ፣ ይሄ እኮ ኩረጃ ነው።»

«ኩረጃ እናንተ ትምህርት ቤት ነው። ይሄ እንጀራ ነው። ቀጥይ።»

«አሥራ ሰባት?»

«ሐ።»

«ጥያቄውስ?»

«ምን ያደርግልሻል? ሐ ነው አልኩሽ!»

እሷ ግን አነበበችው። «‹«ቁም» የሚል ምልክት ሲሰጥዎት የሚታዘዙት ለማን ነው? ሀ፣ ለምልክት ሰጪው ብቻ። ለ፣ ለኃላፊው ብቻ። ሐ፣ ለማንኛውም ሰው።›»

አባቷ ዓይናቸውን ገለጡ። «ሀ ነው እንጂ! ያለፈ ያገደመው እጁን ባነሳ ቁጥር ብቆም፣ ድልድዩ መቼ ሊያልቅ ነው?»

«ሐ ይላል።»

«ምንይችል...» አሉ አባቷ።

ምንይችል አምና ብረት እግሩ ላይ ያረፈበት የጎጃም የቀን ሠራተኛ ነው። እቤት የተነገረው ሰንሰለቱ ተንሸራቶ እንደሆነ ነበር።

«ከታች ሆኖ ሁለት እጁን ሲያወናጭፍ አይቼዋለሁ። እስክስታ የሚመታ መስሎኝ... ሳቅሁበት፤ አልቆምኩም።»

እፀገነት ቀና ብላ አየቻቸው።

«በይ፣ አሥራ ስምንት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰዓቱ ሄደ።»

የቀሩት ፊደሎች አሥራ ሦስት ናቸው፤ በአሥር ደቂቃ ያልቃሉ። ጥያቄዎቹ ግን ምሽቱን ሁሉ ይፈጃሉ፤ የእሷም የቤት ሥራ ሳይነካ ያድራል።

ወረቀቱን አስቀምጣ ተነሣች። በአባቷ የሥልጠና ደብተር ላይ እንዳየችው ስዕል ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች፤ መዳፎቿን ወደ መሬት አድርጋ አወዛወዘቻቸው።

አባቷ አዩዋት። አልሳቁም።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ቆምኩ።»

እፀገነት ተቀመጠች። ቀይ የተጻፈበትን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋ ከአንደኛው ጥያቄ ማንበብ ጀመረች።