የኋላ ተኳሹ ያየው

አውሮፕላኗ ስታርፍ የኋላ ተኳሹ ሳቬሊ ሞቶ ነበር። ከአብራሪው ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ጭራዋ አዙሮ በሚቀመጥባት ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ፣ ደረቱን ተመትቶ ተደፍቷል። በዚያ ሁሉ ብርድ ደሙ ገና ይተን ነበር። መትረየሱ አንድም ጥይት አልተኮሰም።

ክላቭዲያን ያሳሰራት ይኸው ነው። መትረየሱን በየማለዳው የምታሰናዳው እሷ ናት። ካልተኮሰ አበላሽታዋለች፤ ካበላሸችው ጠላት ናት፤ በዚያ የጦርነት ክረምት ነገሩ እንዲህ ነበር የሚታሰበው። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሲመሽ ትረሸናለች ተባለ።

መርማሪዋ ካፒቴን ታይሲያ ዴምያኖቭና ጥርሳቸውን እያመማቸው፣ ጉንጫቸውን በሻርፕ አስረው ደረሱ። ስለ ክላቭዲያ ሊነግሯቸው የተሽቀዳደሙትን ሁሉ «ነገርን ከሥሩ» ብለው ዝም አሰኙና ወደ ሬሳው ሄዱ። ቀኝ እጁ ጓንት የለውም፤ መዳፉ ላይ የሱፍ ፍሬ ተጣብቋል። መትረየሱ ታጥፎ ተቆልፏል፣ አፉም በጨርቅ ተሸፍኗል። ሽፋኑን ገፈው፣ ቁልፉን ፈትተው ወደ ሰማይ ተኮሱ። ምንም አልሆነም፣ ደህና ይሠራል።

አብራሪው አርሴኒ ሲያለቅስ ነው ያገኙት። ከጀርባው ያለውን የሚያይለት ሳቬሊ ነበር፤ እሱ አላየም። መንገዱን ሙሉ ከመሬት እየተተኮሰባቸው ሲናወጡ ስለነበር፣ የትኛው ጥይት እንደገደለው አያውቅም። ብቻ ቦምባቸውን ከጣሉ በኋላ ሳቬሊ በመነጋገሪያው ቱቦ «ስናርፍ ለአዛዡ የምነግረው አለኝ» ብሎታል።

በሌላ አውሮፕላን ከኋላቸው ይከተል የነበረው አብራሪ ቫዲም ግን አፉ አልተያዘም። እሱ እንደሚለው፣ ወንዙ ላይ የጀርመን አውሮፕላን ከደመና ወርዶ ሳቬሊን መታው፣ ቫዲምም ተኩሶ አባረረው። ምስክር የለውም፤ የኋላ ተኳሾች አልቀው ከጀርባው በሰው ፈንታ ያስቀመጠው የአሸዋ ጆንያ ነው። ሳቬሊ በሕይወት ሳለ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» እያለ የሚቀልድበት ይህንኑ ቫዲምን ነበር።

መጨረሻ ክላቭዲያን ጠየቋት።

«ሳቬሊ መትረየሱን መቼ ነው ቆልፎ የሚሸፍነው?»

«ሜዳችን ከታች ሲታየው፣ ጓድ ካፒቴን። ከዚያ በፊት ቢገድሉትም አይቆልፍም። ጓንቱንም አያወልቅም።»

ሁሉም በአዛዡ ምሽግ ተሰበሰቡ። ታይሲያ ዴምያኖቭና ጉንጫቸውን ይዘው ጀመሩ።

«ወንዙ ሩቅ ነው። እዚያ ተመትቶ ቢሆን ደሙ በረዶ ሆኖ ይደርስ ነበር። ደግሞ መትረየሱን ቆልፏል፣ ጓንቱን አውልቆ ሱፍ ይቆረጥማል። ስለዚህ ሜዳው ደርሷል። ጥይቱ ፊት ለፊት ደረቱን ነው ያገኘው፤ ፊቱ ደግሞ ወደ ኋላ ነው። የመጣበትን አይቶታል። አይቶ ያልደነገጠው የኛ ስለሆነ ነው።» ወደ ቫዲም ዞሩ። «የኋላ ተኳሽ አብራሪው የማያየውን ምን ያያል? ማን እንደሚከተል፣ ማን እንደሚቀር ያያል። ቦምብህን የት ጣልክ፣ ልጄ?»



«ረግረጉ ላይ፣ ዒላማው ሳልደርስ» አለ ቫዲም። «ሜዳው ጋ ስንደርስ በጣቱ እኔን ጠቆመ፣ ቀጥሎ የአዛዡን ምሽግ ጠቆመ። ሳቀብኝ። ያስረሽነኝ ነበር። በሞተሮቹ ጩኸት መሐል ተኮስኩ።»

አርሴኒ ሊያንቀው ተነሣ፤ ያዙት። ቫዲምን ይዘውት ወጡ።

ክላቭዲያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። መትረፏ ገና አልገባትም። አዛዡ ዓይኑን ከካርታው ሳያነሣ ተናገረ።

«ነገ በረራ አለ። አርሴኒ ከኋላው ሰው የለውም። መትረየስ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ትቀመጫለሽ።»

እዚያ መቀመጫ ላይ ስንት ሰው እንደተፈራረቀ በምሽጉ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ክላቭዲያም ታውቃለች።

«እሺ፣ ጓድ አዛዥ» አለች። ፈርታለች፤ ድምፅዋ ያስታውቃል። ከምድጃው ላይ የሞቀ ውኃ በባልዲ ቀድታ፣ በረዶ የሆነውን የሳቬሊን ደም ከመቀመጫው ልታጥብ ወጣች።