ያልቀዳነው ቃል

ማመን የከበደው አይመን፤ አልቀየመውም። ከእህቴ ጋር አብረን ባንሰማው ኖሮ እኔም ራሴን አላምነውም ነበር።

ግን ሆኗል። በገዛ ቤታችን፣ አባቴ መኝታ ክፍል ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ... ፀሐይ በመስኮቱ እየገባች።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ከሥራ ስወጣ ግን አንድ ሱስ አለብኝ። እነዚያ ርካሽ፣ በእጅ የሚያዙ የጌም መጫወቻዎች አሉ አይደል? ብዙዎቹ የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። መጫወቻ ይምሰሉ እንጂ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ናቸው። እፈታቸዋለሁ፣ መከላከያቸውን ሰብሬ እገባለሁ፣ የፋብሪካውን ፕሮግራም አውጥቼ የራሴን እጭናለሁ። አንዱን ሬዲዮ አድርጌዋለሁ። አንዱን ደግሞ አበላሽቼ ጥዬዋለሁ።

"የሰው ልጅ ሚስት ያገባል፣ የኔው ብሎን ይፈታል" ትል ነበር እማዬ።

እማዬ ቀጫጭን ጣቶች ያሏት ልብስ ሰፊ ነበረች። ምላሷ ከስፌት መኪናዋ ይፈጥናል እየተባለ ይቀለድባት ነበር። ከዚያ ጉሮሮዋን ታመመች። ቀዶ ጥገናው ሕይወቷን አተረፈላት...

ድምፅዋን ግን ወሰደው።

ያኔ ነው አንዱን መጫወቻ ለሷ የሠራሁላት። አንድ ቁልፍ ስትጫን አንድ ቃል ይናገርላታል። ቃላቱን የቀዳችልን ታናሽ እህቴ ናት፤ ቤት ውስጥ ሚጢ ነው የምንላት። "ውሃ።" "በረደኝ።" "አመመኝ።" "ና።" "ነይ።" ለቀልድ ደግሞ "ዝም በል" የሚል ጨመረችበት።

እማዬ ከሁሉ የወደደችው እሱን ነበር። አባዬ ወሬ ሲያበዛ ጫን ታደርገዋለች። "ዝም በል!" እንግዳ ፊት ሳይቀር። አባዬ እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

እንዲህ እየሳቅን ጥቂት ወራት ኖርን። ከዚያ ሞተች።

አባዬ መጫወቻውን ትራሷ ላይ አስቀመጠው። እኔም አላነሳሁትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በአባዬ ክፍል በር በኩል ሳልፍ የሚጢን ድምፅ ሰማሁ።

"በረደኝ።"

በሩን ገፋ አደረግሁት። አባዬ ብርድ ልብሱን በአልጋው ባዶ ጎን ላይ እያለበሰ ነበር። ቀስ ብሎ... ዳር ዳሩን እየጠቀጠቀ።

"አባዬ፣ ቁልፉን ነክተኸው ነው?"

"አልነካሁትም።" ቀና እንኳ አላለም። "በርዷት ነው።"

ቁልፉ ሥር አቧራ ገብቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። "አንዴ ልየው" ብዬ ወደ ክፍሌ ወሰድኩት።

ፈታሁት። ንጹሕ ነው።

በቀጫጭን ሽቦዎች ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ አንድ መስመር ይጻፋል። ሞከርኩት፤ ይሠራል። እጄን አንስቼ ጠበቅሁ...

"ና።"

ላፕቶፑ ላይ ምንም አልተጻፈም።

"ና።"

ሽቦዎቹን ነቀልኩ። ባትሪውን አወጣሁ። ስክሪኑ ጠቆረ። ተንፈስ አልኩ።

"ና..."

ቀስ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው።

ዘወር ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል።

"ሰማህ አይደል?" አለኝ በሹክሹክታ። ፊቱ በርቷል። "እኔን እኮ ነው።"

አልፈራም። ያስፈራኝም ይኸው አለመፍራቱ ነበር። እጄ ላይ ያለውን ተቀብሎኝ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አባዬ ተለወጠ። ጢሙን በየቀኑ መላጨት ጀመረ። ክፍሉ ውስጥ ሲቀመጥ እንኳ ጫማውን አድርጎ ነው። አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሞ ጎረቤታችንን "እንግዲህ ደህና ሁኑ" ሲላቸው ሰማሁት። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው "የት ሊሄዱ ነው?" አሉት። ሳቅ ብሎ ገባ።

ሚጢን ደውዬ ጠራኋት። እሷ ባል አግብታ የምትኖረው ሌላ ሰፈር ነው። ስትመጣ ሦስታችንም አልጋው አጠገብ ተቀመጥን። መጫወቻው ባትሪ ሳይኖረው ትራሱ ላይ ተቀምጧል።

ብዙ አልጠበቅንም።

"ና።"

ሚጢ ደነገጠች። የራሷ ድምፅ ነዋ።

"ነገ።"

ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ጋሼ..."

"ምነው?"

"'ነገ' የሚል ቃል አልቀዳሁም።"

"ረስተሽው ይሆናል።"

"አልረሳሁም። እንደዚህ የሚል ቃል... በጭራሽ አልቀዳሁም።"

"ነገ። ና።"

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። መጫወቻውን ነጥቄ ወጣሁ። ሚሞሪ ካርዱን በፒንሳ ሰበርኩት። ሰርኪዩቱን በመዶሻ አደቀቅሁት። ስብርባሪውን በፌስታል አድርጌ ውጭ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣልኩት።

ስመለስ አባዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

"አንዴ ሐኪሞቹ ድምፅዋን ወሰዱባት" አለኝ። "አሁን ደግሞ አንተ።"

አለቀሰ። በቀብሯ ቀን እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። እንደ ልጅ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ...

"እኛስ አባዬ?" አለችው ሚጢ። "እኛ ምንህ ነን?"

ጭንቅላቷን ደረቱ ላይ አስደግፎ ዳበሳት።

"እናንተማ ዓይኖቼ ናችሁ። ግን እናንተ ሁለት ናችሁ፣ ሚጢዬ። እሷ ብቻዋን ናት።"

በማግስቱ ሁለታችንም ሥራ አልሄድንም። ግራና ቀኝ ተቀምጠን ጠበቅነው። ደህና ነበር። እንዲያውም ጨዋታው መጣለት። መጀመሪያ የተዋወቁ ጊዜ እማዬ የሱሪውን አንድ እግር አሳጥራ ሰፍታበት፣ "ጥፋቱ የእግርህ ነው" ብላ እንደተከራከረችው ነገረን። ሳቅን። ምሳውንም ጥርግ አድርጎ በላ።

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ትንፋሹን አዳመጥኩ። ደህና ነው። ሳህኖቹን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ስሄድ ሚጢም ተከተለችኝ።

"አለፈ አይደል?" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።

"አለፈ" አልኳት።

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ይላል።

"መጣህ?"

የሚጢ ድምፅ ነው። የመጣው ከመኝታ ክፍሉ ነው።

ሚጢ ፊት ለፊቴ ቆማለች። አፏን በእጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛዋለች። ዓይኖቿ ብቻ ናቸው የሚንቀሳቀሱት።

ከዚያ የአባዬን ድምፅ ሰማን። እንደ ጎረምሳ... ሳቅ እያለ...

"መጣሁ።"

ሮጥን።

አባዬ በጎኑ ተኝቷል፤ ፊቱን ወደ ባዶው ትራስ አዙሯል። ጠራሁት። ነቀነቅሁት። ሚጢ ደረቱ ላይ ጆሮዋን ጣል አድርጋ ቆየች... ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች።

ትንፋሽ የለም።

አንድ እጁ ወደ ባዶው ጎን ተዘርግቷል። ሰሞኑን እጁ ያብጥ ነበርና፣ የእጁ ጀርባ ላይ አራት ጎድጓዳ ምልክቶች በደንብ ይታያሉ። አጥብቆ የጨበጠው ሰው ጣቶች ነበሩ።

ቀጫጭን ጣቶች።

ሚጢም አየቻቸው። እያየናቸው፣ አንድ በአንድ... ቀስ እያሉ ሞልተው ጠፉ።