ከመስኮቱ ሥር የነበረችው መንታ

መርማሪዋ ስትገባ ግንበኛው ልጁን ከሸሚዙ ሥር ደረቱ ላይ ለጥፎ ተቀምጦ ነበር። ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት መንቶች የተረፈው ይህ ወንዱ ነው። ሴቷ ከትናንት በስቲያ ከሰዓት በኋላ፣ በማሞቂያው ሣጥን ውስጥ እንደተኛች አረፈች። የሚያንገበግበው ደግሞ የበረታችው እሷ መሆኗ ነው። ክብደት የጨመረችው እሷ፣ ትንፋሿ የተስተካከለው እሷ፤ ሐኪሙም ቀድማ ቤቷ የምትገባው ይቺ ናት ብሎ ነበር። አሁን የሞቷ ምክንያት እስኪታወቅ ድረስ ወንዱ ማሽን ውስጥ አይገባም ተባለና የአባቱ ደረት ማሞቂያ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልጥ የኖረ ሰውዬ፣ ይኸው ዛሬ ለመተንፈስ እንኳ ይፈራል።

መርማሪዋን «መርፌ» ይሏታል፤ ለቅጥነቷ ይሁን ለምላሷ እንጃ። ማንንም ሳታናግር ክፍሉን ዞረች፣ ሣጥኖቹን ዳሰሰች፣ ከዚያ ነርሷን ጠራች።

ነርሷ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ያን ዕለት ሌላ ሕፃን ትንፋሹ እየተቋረጠ ሲያስቸግራት እንደዋለ፣ ወደ ልጅቷ ስትመለስ መተንፈስ አቁማ እንዳገኘቻት ተናገረች። ገላዋ ግን ይፋጅ ነበር። መቼም ኢንፌክሽን ቢሆን ነው አለች።

«ማሽኑስ?»

«ማሽኑ ደህና ነበር። ቀይ መብራቱን በየመሀሉ ቀና እያልኩ አየው ነበር፤ አልበራም።»

የማሽኑ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ያለ ሰው ሁሉ የሚያየው መብራቷን ነው። ማሞቂያው ሲሠራ ትበራለች፤ በርታ ከቆየች ሕፃኑ በርዶታል ማለት ነውና ይሮጣሉ። ካልበራች ሞቆታል፣ ተዉት ይተኛ ይባላል።

ቀጥሎ የማሽን ጠጋኙ ተጠራ። እሱ ደግሞ ማሽኑን ፈታትቶ እንዳየውና ከድምፁ በቀር አንድም የተበላሸ ነገር እንዳላገኘ ማለ። ያን ዕለት ተጠርቶ እየሮጠ ሲመጣ ግን ማሞቂያው በረዶ ሆኖ ነበር።

«ሳይሠራ ነው የዋለው» አለ። «ሲስተር ስልኳን ልትሞላ ሶኬቱን ነቅላው ይሆናል።»

ነርሷ እኔን ነው የምትለው ብላ ተነሣችበት። ግንበኛውም ደሙ ፈላ። ተነሥቶ አንገቷን ማነቅ አማረው፤ ነገር ግን ደረቱ ላይ ያ ሚጢጢ ፍጡር ተኝቷል። ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ጥርሱን ነክሶ ዋጠው።

«እሱ ማሞቂያው ቀዝቃዛ ነበር ይላል፣ አንቺ ልጅቷ ትፋጅ ነበር ትያለሽ» አለች መርማሪዋ። «ወይ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ፣ ወይ ሁለታችሁም እውነታችሁን ነው።»

ከዚያ ወንበር አስመጣችና ልጅቷ በነበረችበት ሣጥን አጠገብ፣ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ አለች። ምሳ ሰዓት አለፈ፣ እሷ አልተነሣችም። ጠጋኙ ሴትዮዋ ፀሐይ ልትሞቅ ነው እንዴ የመጣችው እያለ አንሾካሾከ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል መርማሪዋ ሹራቧን አወለቀች፣ እጇን በሣጥኑ ክዳን ሥር ሰደደች፣ ወዲያው መለሰችው። ተነሥታም ወደ ግቢው አየች። ከመስኮቱ ፊት የቆመው ትልቁ ዛፍ አንዱ ክንዱ ተቆርጧል፤ ቁርጡ ገና ነጭ ነው። አትክልተኛውን ጥሩልኝ አለች።

ሁሉም ሲሰበሰቡ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«እዚህ መስኮት ሥር ለዓመታት ሕፃናት ተኝተዋል፤ አንድም አልተጎዳም። ዛፉ ያጠላላቸው ነበር። በፀሐይ የዋለ መኪና ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ይህ ሣጥን ያን ከሰዓት እንደዚያ ነበር። ማሽኑ ግለቱ ሲሰማው ማሞቂያውን ራሱ አጠፋ። ለዚህ ነው ጠጋኙ ቀዝቅዞ ያገኘው፤ ለዚህ ነው መብራቷ ያልበራችው። ሲስተር መብራቷን አይታ ደህና ናት አለች። እዚህ የሚሠራ ሰው ሁሉ እንደዚያው ይል ነበር። መብራቷ ብርድን እንጂ ሙቀትን አትናገርም።»

ወደ አትክልተኛው ዞረች። «ቅርንጫፉ የተቆረጠው መቼ ነው?»

«የዚያኑ ዕለት ጠዋት።»

«ማን አዘዘህ?»

አትክልተኛው አቀረቀረ። ደግ ሰው ነው፤ ግንበኛውን ላለማየት ጫማውን ያያል።

የግንበኛው ሚስት የተኛችው ግቢውን ተሻግሮ ካለው ሕንፃ ውስጥ ነው። በቀዶ ጥገና ወልዳ ቁስሏ አመርቅዞ መነሣት አልቻለችም። ከአልጋዋ ሆና ወደ ልጆቿ መስኮት ስታይ የሚታያት የዛፉ ቅጠል ብቻ ነበር። ልጄን ሳላያት፣ ልጄን ሳላያት እያለች ስታለቅስ እሱ ምን ያድርግ? አትክልተኛውን እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው።

«እኔ ነኝ» አለ ግንበኛው። «እናቷ እንድታያት ብዬ ነው።»

ነርሷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሸሚዙን ጫፍ በልጁ ጀርባ ላይ ሳብ አደረገችለት።

«መስኮቱ መጋረጃ የለውም፣ ማሽኑ ድምፅ የለውም፣ ነርሷ ብቻዋን ናት። ይህን ሁሉ ለአለቆቻቸው እናገራለሁ» አለችው። «ለሚስትህ ግን የምትነግራት አንተ ነህ፣ ልጄ። ከእኔ አፍ መስማት የለባትም።»

መስኮቱ መጋረጃ ተሰቀለለት። ልጁ አንድ ቀን ይበረታል፣ በማግስቱ ትንፋሹ ተረስቶት ይጠቁራል፣ ደግሞ ይመለሳል። አባትየው ማድረግ የሚችለው ማቀፍ ብቻ ነው። ሚስቱ ለምን ሞተች አሉ ባለች ቁጥር ገና እየመረመሩ ነው ይላታል። ቀስ በቀስ የልጁ ጉንጭ ሞላ፣ መጥባትም ቻለ፤ ሐኪሙም ከእናቱ ጋር ቤቱ ይግባ አለ።

ግንበኛው ልጁን ይዞ ሲገባ ሚስቱ ለብሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ልጇን ተቀብላ ጡቷን አጎረሰችው፤ ያዘ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ማዶ አየች።

«ቅርንጫፉን ባታስቆርጥልኝ ኖሮ ሳላያት ትቀር ነበር» አለችው። «ያን ከሰዓት እዚህ ቁጭ ብለን፣ ፀሐይዋ ስታርፍባት እንዴት ታበራ እንደነበር ታስታውሳለህ? አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር።»

አጠገቧ ተቀመጠ።

«የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ምን?»

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሙሉ ኃይሉ ይጠባል።

«መጀመሪያ ይጥገብ» አላት።