ኤክስትራ የሚለው ጥቅል

«ዛሬም ኔትወርክ የለም?» አለ አባቷ፣ የማተሚያ ሱቁን በር እየከፈተ።

«የለም።»

ድምጿ ለራሷም የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት። ታላቅ ወንድሟ ከአባቷ ጋር ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ወዲህ እንዲሁ ናት። ትበላለች፣ ትማራለች፣ ከትምህርት መልስ ሱቅ ትቀመጣለች። አይከፋትም፣ ደስም አይላትም።

በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ማስኬጃ ሥርዓት የጫነው ወንድሟ ነው። በቀደም ኮምፒውተሩ «ዲስኩ ሞልቷል» ሲላት ቦታ ላስለቅቅ ብላ አንድ የፕሮግራም ጥቅል አጠፋች። ስሙ ላይ «ኤክስትራ» የሚል ስላየች ትርፍ ነገር መሰላት። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ዋይፋዩን ረሳው፤ ያለ ዋይፋይ ደግሞ ማተሚያው አይሠራም። ለአባቷ «እኔ ምንም አልነካሁም» አለችው።

አሁን ስልኳ ላይ ስትፈልግ መልሱን አገኘችው። የሊኑክስ ልብ የሆነው ከርነል ባንድ ጥቅል ተጠቃሎ አይመጣም። አዘጋጆቹ ይከፋፍሉታል፤ ማሽኑን ለማስነሳት የግድ የሚያስፈልገው ለብቻው፣ እንደ ዋይፋይ ያሉትን የሚያሠሩት ብዙዎቹ ድራይቨሮች ደግሞ ለብቻቸው። እሷ ያጠፋችው ሁለተኛውን ነው። ደግነቱ ከአዲሱ ጎን የተቀመጠው የቀድሞው ከርነል ከነሙሉ ጥቅሉ አልተነካም። ሲነሳ እሱን መምረጥ፣ ከዚያ የጠፋውን መልሶ መጫን። በቃ።

እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች።

«ባለሙያ ልጥራ መሰለኝ» አለ አባቷ።

እጇን መለሰች። «የጫነው ሰው ያውቀዋል።»

አባቷ የተስተካከለውን የወረቀት ክምር እንደገና ያስተካክል ጀመር። «ምን ብዬ ልደውል?»

«ኮምፒውተሩ ተበላሸ በለው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አባዬ። ዋሽቼህ ነው።»

ዞሮ አያት። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢቆጣም ግድ አልነበራትም። እሱ ግን ቀለም የነካ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «እስቲ ደውዪልኝ» አለ።

ደውላ ሰጠችው። ሳይነሳ ብዙ ጠራ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቷ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ደህና ነህ? … እህትህ ኮምፒውተሩን … ቆይ፣ ልንገራት።» ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ ወደ እሷ ዞረ። «አጥፍተሽ አስነሺው፣ ሲነሳ ዝርዝር ይመጣል ይልሻል።»

አጠፋችው፤ አስነሳችው። ዝርዝሩ መጣ። የትኛውን እንደምትመርጥ ታውቃለች።

«ከዚያስ በለው» አለች።