ስድሳ እንቁላል፣ አሥራ አንድ ሞባይል

ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አንድ ይላል። ትዕዛዝ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ንቅንቅ አላለም። ሠላሳ ሰባት ተኩል መሆን ነበረበት።

«ባርኮት!»

የሥራ ሸሪኳ ባርኮት ከደጅ ብቅ አለ። የነሱ ጓዳ ያለው አንድ ሶኬት ነው። የመፈልፈያ ሣጥኑን የሚያሞቁት አምፖሎች ገመድ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። በቦታው ሁለት ማካፈያ ተያይዞ አሥራ አንድ ሞባይል ተሰክቶበታል።

«ነቀልከው?»

«ለአንድ ሰዓት ብቻ እኮ ነው! ዛሬ ገበያ ነው፤ የሁምቦ ሰዎች መብራት የላቸውም። ቢዝነስ ነው ልጅት!»

«ቢዝነሳችን ይሄ ነው» አለች ሣጥኑን በአገጯ እያሳየች።

«አታካብጂ። ዶሮም እኮ አንዳንዴ ከእንቁላሏ ላይ ትነሳለች።»

«ጥሬ ልትለቅም ነዋ! ሞባይል ልትሞላ አይደለም።»

ባርኮት እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐሳቡ ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ነበር፤ ከዚያ በፊት ጉርድ ፎቶ። የዲምቱዋ ወይዘሮ ፈጠነች ግን ስድሳ እንቁላል ከራሳቸው ዶሮዎች ለቅመው ያመጡላቸው ጫጩት ፈልገው ነው። ይሄ ዙር ከተሳካ በየወሩ አመጣለሁ ብለዋል። ካልተሳካ ሁለተኛ የሚያምናቸው የለም። ዛሬ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ዘጠኝ ቀን ይቀራል።

ትዕዛዝ ማካፈያውን ነቅላ የአምፖሎቹን ገመድ መልሳ ሰካችና የሣጥኑን ክዳን ገለጥ አደረገች። እንቁላሎቹ በቀን አራት ጊዜ ይገለበጣሉ፤ በአንዱ ጎናቸው በእርሳስ የመስቀል ምልክት አለ። ጠዋት ምልክቱን ወደ ላይ አድርጋ የሄደችው እሷ ናት። አሁንም ወደ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ግን የስድስት ሰዓቱ ተራ «ተገልብጧል» ይላል፤ በባርኮት እጅ ጽሕፈት።

«ዋሽተሃል።»

ባርኮት ጆሮው ቀላ። «አንቺስ? ሐሙስ ለመዝሙር ልምምድ ስትሄጂ የማታውን ቀድመሽ አልጻፍሽም? ያላየሁ መሰለሽ?»

የእግዚአብሔር ሥራ ነው ልትል አፏ ላይ ደርሶ ዋጠችው። ማክሰኞ የአንድ ለአምስት ጥናት ነበር፤ መሪዋ እሷ ናት። ሐሙስ መዝሙር፣ ዓርብ ደግሞ የጎረቤት ለቅሶ። ለጠራት ሁሉ እሺ ብላለች። እንቁላል አይጠራም፤ ቀረሽ ብሎም አይቀየምም።

መስኮቱን ጋረደችና ከሞባይሎቹ የእጅ ባትሪ ያለውን አንሥታ አበራች። ውስጡን ለማየት የመጀመሪያውን እንቁላል በብርሃኑ ላይ ያዘችው። ቀያይ ክሮች፣ መሃላቸው ጥቁር ነገር። ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛውም ተንቀሳቀሰ። ሦስተኛውን ረጅም ጊዜ ያዘችው።

«ተኝቶ ነው» አለ ባርኮት ቀስ ብሎ።

«አታውቅም።»

ውጭ አንድ ሽማግሌ አጨበጨቡ። አቶ አንጁሎ ናቸው፤ ከሁምቦ በእግራቸው የመጡ። «ልጄ፣ ሞባይሌ ሞላች?»

ባርኮት ትዕዛዝን አያት። «የያዝሽው የሳቸው ነው።» እሷ ባትሪውን አጥፍታ ሞባይሉን ይዛ ወጣችና ሰጠቻቸው።

«አባባ፣ አልሞላም። ከእንግዲህም እዚህ አንሞላም። መናኸሪያው አጠገብ የሚሞሉ አሉ።»

«ይሄ ልጅ እሺ አለኝ እኮ! ቃል የላችሁም?»

«ጥፋቱ የኛ ነው። ይቅርታ።»

ፊቷ ጋለ። ሰውዬው እያጉረመረሙ ሄዱ። ባርኮት የቀሩትን አሥር ሞባይሎች በፌስታል መሰብሰብ ጀመረ፤ ባለቤቶቻቸውን ገበያ ውስጥ ፈልጎ ሊመልስ ነው።

«ስትመለስ በቤተ ክርስቲያን በኩል እለፍ» አለችው። «ለመዘምራን መሪያችን ለፀዳለ፣ የእሑዱን ሶሎ መዝሙር ለሌላ ሰው ስጪ በላት።»

«ሶሎውን? ሦስት ወር ሙሉ የተለማመድሽውን?»

«አዎ።»

ፌስታሉን አንጠልጥሎ በሩ ላይ ቆመ። «አሟታል ልበላት?»

ትዕዛዝ እጇን ሣጥኑ ውስጥ ከታ አንዱን እንቁላል ገለበጠች፤ ቀጥሎ ሌላውን።

«አላመመኝም። ሥራ ላይ ናት በላት።»