በቀዘቀዘው ቦይለር ውስጥ ያንኳኳው

መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚል ሰው ሲመጣብኝ «ሂድ፣ ምሳህን ብላ» ብዬ ነው የምሸኘው፤ ይህን የማወራህ ግን እኔው ራሴ፣ በጠራራ ቀትር፣ ትኩሳት እንኳ ሳይኖረኝ የሰማሁትን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ በከተማችን የታችኛው ክፍል፣ ሲቀላ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበርኩ። ናፍጣ ሲጠፋ ኃላፊያችን የእንፋሎቱ ቦይለር በከተማው ቆሻሻ እንዲነድ አዘዘ፤ ፕላስቲኩ፣ ከአባያ ሐይቅ የሚመጣው ጨው የጠጣ የዓሣ ጆንያ፣ ሁሉም ይገባል። እሳት አንዳጁ ማሶ «ጓድ፣ ይህ ጭስ ብረት ይበላል» ቢል ማን ይስማው፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነዋ! እኩልነቱ ለስብሰባ ብቻ ነበር። እናቱ ገንቦ አንኳኩታ ስንጥቁን እንደምትለየው፣ እሱም ጠዋት ጠዋት ቱቦዎቹን በብረት ዘንግ እየመታ ያዳምጥ ነበር። አንድ ቀን ቱቦ ተበሳ፣ «በዘንግ ወግቶ ነው፣ አሻጥር ነው» ተብሎ ላይኛው ሰፈር ሴቻ እስር ቤት ገባ። ሐሙስ ወደ ሌላ ቦታ ሊወስዱት ነው ተባለ፤ ያኔ እንዲህ ተብሎ የተወሰደ ሰው አይመለስም።

ረቡዕ ሠራተኛው ምሳ ሲወጣ፣ የማሶን ኮት ለሚስቱ ላደርስ ቦይለሩ ጋ ሄድኩ። እሳቱ ከጠፋ አራት ቀኑ ነው። ከውስጡ ቷ! አለ። አይጥ ነው አልኩ። ቷ፣ ቷ፣ ቷ... አይጥ በተራ አይመታም፣ እመነኝ፤ ድምፁ ጥርት እንዳለ ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ይሄድና በስተኋላ፣ ዘንግ በማይደርስበት ጥግ፣ ዱፍ ይላል። ተመለሰና እዚያው ሲደርስ እንደገና ዱፍ። የምድጃውን በር ከፍቼ በፋኖስ ባይ ሰው የለም፣ አመዱ ላይ ዱካ እንኳ የለም። እየጸለይኩ በደረቴ ተሳብኩና ያንን ቱቦ ነካሁት፣ ቅርፊቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ እጄ ላይ ቀረ።

ኃላፊውን ከምሳው አስነሳሁት።

«ይህን ቆርጣችሁ እዩ!»

«ደግሞ ልብስ ተኳሽ መሐንዲስ ሆነች?»

«ያለቀ ልብስና የተቀደደ ልብስ እለያለሁ፣ ጓድ። ካልቆረጣችሁ ሐሙስ እኔንም ጨምራችሁ ውሰዱኝ።»

በሠራተኛው ሁሉ ፊት ተቆረጠ። የውስጡ ደህና፣ እሳት የሚያየው ጎኑ ግን እንደ ወረቀት ሳስቷል። እዚያው አጠገቡ ያለውን፣ የተበሳውንም ቆረጡት፣ እሱም እንደዚያው ሳስቷል። እዚያ ጥግ ዘንግ እንደማይገባ ያላየ አልነበረም፣ ማሶም በዚያው ቀን ተፈታ።

የሰማሁትን ስነግረው አልደነገጠም።

«ሁለቴም አንድ ቦታ ላይ ነው ዱፍ ያለው?»

«አንድ ቦታ።»

«እንግዲያው ማንም ይሁን ማን፣ እህቴ፣ ሥራውን ያውቃል» ብሎ ሳቀ።

ቆሻሻ ማንደዱ ቀረ፣ ቱቦዎቹም ተለወጡ። እሳቱ እንደገና በተጫረበት ጠዋት ማሶ ወደ ምድጃው ጎንበስ ብሎ በጋሞኛ «ሳሮ» አለ፣ ሰላምታ መሆኑ ነው። ከውስጥ «ሳሮ» የሚል መልስ መጣ። አፌን አልከፈትኩም፣ ማሶ ግን ሸምግሎም እስከ ዛሬ «የመለስሽው አንቺ ነሽ» ይለኛል።