ሳጥን ቁጥር ሰባት

«ይሄ ከኛ ቤተሰብ አይደለም» አላት ገና ስሟን ሳይጠይቃት፣ ያመጣችውን ጥቁር ጢንዚዛ በብሩሽ እያገላበጠ።

«መጽሐፉ ነው ያለው» አለች።

«መጽሐፉን ተዪውና እግሩን ቁጠሪ። እኛ የምናጠናቸው ጢንዚዛዎች የፊቱና የመሃሉ እግር ጫፍ ላይ አምስት አምስት አንጓ፣ የኋላው ላይ አራት ነው ያላቸው። ያንቺው ከኋላም አምስት ነው።»

ጎንበስ ብላ ቆጠረች። ቀና ስትል እየሳቀች ነበር። በቃ፣ ሰውየው ያን ቀን አለቀለት።

የነቀዝ ምርምር ክፍሉ ሠራተኞች «ሌንሱ» ይሉታል፤ ዓይኑ አይስትም። እሷ አዲስ የተቀጠረች ተመራማሪ ነበረች። ከዚያ አራት ዓመት አብረው ሠሩ። ስለ ጢንዚዛ ከጠየቁት ወሬው አያልቅም፤ ስለ ልቡ ግን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አራት ዓመት! እናንተው ፍረዱ።

ታዲያ እንዲህ አንገቱን ደፍቶ ሲኖር አንድ አዲስ ባለሙያ መጣ። ረጅም፣ ተጫዋች፣ የገባበትን ክፍል የሚያስቅ። የሌንሱ መከራ ከዚህ ጀመረ።

እሷ በዚያ ሰሞን የራሷን ጥናት ጀምራለች። ሴቷ የዱቄት ጢንዚዛ ከወንድ ጋር ሳትገናኝ ብትቆይ ረሃብን ይበልጥ ትችላለች ወይ የሚል ነው። ለዚህ ደግሞ ሴቶቹ ከወንዶቹ በጊዜ መለየት አለባቸው። እንቁላሉ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል፤ እጩ ዱቄቱን በልቶ ሲያድግ ደግሞ ሙሽሬ ይሆናል፤ አይበላም፣ አይሄድም፣ ነጭ ሆኖ ይጋደማል። ጾታው ደህና የሚለየው ያኔ ነው። ሴቷ ሆዷ ጫፍ ላይ ሁለት ጣት መሳይ ነገሮች አሏት፤ የወንዱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጢንዚዛ ከሆነ በኋላ ግን መለየቱ ፈተና ነው።

በመለያው ቀን ሌንሱ ለብቻው ተቀምጦ ሙሽሬ ይለያል። እሷ መስኮቱ ሥር ለአዲሱ አለያየቱን ታሳየዋለች። ያ ማጉያ መነጽር ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ጭንቅላት ለጭንቅላት ሊነካካ ምንም አይቀረው። ሌንሱ ውስጥ ውስጡን አረረ። እሱን ስታስተምር እንዲህ ትጠጋዋለች? ደግሞስ የሙሽሬ ቂጥ እያዩ ምን ያስቃል?

«ጋሼ፣ እዚያስ እንዴት ነው?» አለው አዲሱ።

ጋሼ! ቢበልጠው በሦስት ዓመት ነው።

«ደህና ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ትንሽ ቆይቶ እሷ ከልቧ ሳቀች። ሌንሱ ቀና አለ። አዲሱን ትከሻው ላይ መታ አድርጋዋለች! እጁ ግን ሥራውን አላቆመም። ብሩሹ ላይ የነበረችው ሙሽሬ ሳትታይ ሳጥን ቁጥር ሰባት ውስጥ ገባች፤ ላዩ ላይ «ሴት ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ሃምሳ ሙሽሬዎች እንደገና ማየት ነበረበት። አላየም። ሴት ናት ብሎ ራሱን አታለለና ክዳኑን ገጠመ።

ከወር በኋላ ሳጥኑን ስትከፍት ክው አለች። ዱቄቱ ውስጥ ትንንሽ እጮች ይርመሰመሳሉ።

«ወንድ ገብቷል» አለች። «አንዱ ሳጥን እንዲህ ከሆነ ሌሎቹንስ ማን ያምናቸዋል?»

የክፍሉ ኃላፊ፣ ሁሉም እትዬ የሚሏቸው፣ ሦስቱንም ጠሩ።

«የለያችሁት ሁለታችሁ ናችሁ» አሉ ወደ ወንዶቹ ዞረው። «ሌንሱ ሲሳሳት አይቼ አላውቅም። ስለዚህ አንተ፣ የኔ ልጅ፣ ወደ መጣህበት ትመለሳለህ።»

አዲሱ ፊቱ ጠቆረ። «እኔ ሳልሆን አልቀርም» አለ። «ጋሼማ አይሳሳትም።»

ሌንሱ ሲመኘው የከረመው ነገር በእጁ ገባ። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ዝምታ ደግሞ ያውቅበታል።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ» አለች እሷ፣ እንባዋ እየቀደማት። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጥናቴንም ሰርዙት።»

ይሄን መስማት አልቻለም።

«ሰባት ቁጥር የኔ ነው» አለ።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ የለየሁት። ዓይኔ መነጽሩ ላይ አልነበረም።»

«የት ነበር ታዲያ?»

«እሷ ላይ። ከሱ ጋር ስትስቅ እያየሁ... ቀንቼ ነው፣ እትዬ። እወዳታለሁ።»

እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው ቆይተው መልሰው አደረጉት።

«ከዛሬ ጀምሮ ብሩሽ አትነካም» አሉ። «እህል መጋዘን ውረድ። እሷ ትጀምረው እንደገና።»

ደረጃው ላይ ደረሰችበት። ተናዳለች።

«ከተናገርክ አይቀር ልንገርህ። አዲሱ ልጅ ባለፈው ሳምንት እንወዳጅ ብሎ ጠይቆኛል።»

«ምን አልሽው?» አለ ሌንሱ።

«ሰው አለኝ አልኩት። ሰውየው ግን ራሱ አያውቅም አልኩት። ያን ቃል ስጠብቅ አራት ዓመቴ ነው። አንተ ሄደህ ለእትዬ ትነግራለህ?»

«እወድሻለሁ» አላት።

«አሁን ነው? ሥራዬን አፈር ካስበላህ በኋላ?» እንባዋን ጠረገች። «አልማርኩህም። ጥናቴን ስጨርስ እነግርሃለሁ። እስከዚያ ፎቅ ላይ እንዳላይህ።»

አራት ወር ጆንያ ተሸከመ። የምርምር ክፍሉ መስኮት ከመጋዘኑ በላይ ነው፤ የእሷና የአዲሱ ሳቅ በየቀኑ ይወርድበታል። እግሩ ስንት ጊዜ ወደ ደረጃው አመራ! ግን አልወጣም። አንዴ እሷን አላመነም፤ ምን እንዳስከተለ አይቶታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ አገኛት።

«አለቀ» አለችው። «እትዬ ጥናቱን ተቀብለውኛል።»

«ውጤቱስ?»

«ብቻቸውን የቆዩት ረሃቡን ይበልጥ ቻሉት።»

«ታዲያ አንቺስ ብቻሽን ልትቆዪ...?»

«እኔ ጢንዚዛ አይደለሁም» አለችው። ጠጋ አለች። «አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ወጥተህ አላየኸንም።»

«ቀንቻለሁ ግን።»

«ምን ያህል?»

«በጣም።»

ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ላብ ያጠመቀውን ሸሚዙን፣ ትከሻው ላይ የተጫነውን ጆንያ።

«ማርኩህ» አለች። «እናትህ ጋ መቼ ነው የምትወስደኝ?»

«አሁን» አለና ጆንያውን ከትከሻው ጣለው።